እህቴን «ታክመዋል» ያላት ገጽ

ይህ የሆነው አምና ነው፤ ከገና በኋላ ተጀምሮ ጾም ሊገባ ሲል ያለቀ ነገር። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን ሳምስ የምውል፣ ሱቅ ደርሼ «ምን ልገዛ ነበር የመጣሁት?» ብዬ ባለሱቁን የምጠይቅ ሽማግሌ። ይህችን ግን አልረሳኋትም። ስለተናደድኩባት ነው። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ተሰማ እባላለሁ። መሐል ሜዳ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አብረውኝ የወጡት መምህራን አንዱ ንብ ማነብ ያዘ፣ አንዱ በግ ገዝቶ ያደልባል። እኔ ደግሞ ልጄ የተወችልኝን፣ የግማሹ ቁልፍ ፊደል የተፋቀ ላፕቶፕ ይዤ ዌብሳይት መሥራት ልማር ብዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ሲጫኑት «እንደምን አደሩ» የሚል ቁልፍ ነበር። ደስ ብሎኝ እስከ ምሳ ድረስ ስጫነው ዋልኩ።

«እኔ እንደምን አደርክ ስልህ አትመልስም፤ ከዚህ ሳጥን ጋር ስንት ጊዜ ነው የምትሳለመው?» አለችኝ ባለቤቴ አስካለ።

ከዚያ በኋላ አመል ያዘኝ። ገጽ ላይ የሚገጠሙ ዝግጁ ዕቃዎች አሉ፤ ስም የሚጻፍበት ሳጥን፣ ቀን የሚመረጥበት፣ የሚጫኑት ቁልፍ። ብዙው ሰው የተዘጋጀውን አንሥቶ ይገጥማል። እኔ ከባዶ የራሴን መሥራት ወደድኩ። የሙያው ሰዎች «ከስተም ኮንትሮል» ይሉታል፤ ልክህን ለክተው የሚሰፉልህ ልብስ ማለት ነው። ሲነኩት ምን እንደሚመልስ ጃቫስክሪፕት በሚሉት የኮድ ቋንቋ ትጽፍለታለህ። የጻፍከው ነገር ከገጹ ጋር አብሮ ይመጣና እዚያው በተነካው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ውስጥ ያስባል፤ ሰርቨር ወደሚሉት ሩቅ ያለ ዋና ኮምፒውተር እየሮጠ ፈቃድ አይጠይቅም።

ሙያው ይህ ሆኖ ጥቅሙን ብትጠይቁኝ ምንም አልነበረም። በግ የሚቆጥር ኮንትሮል ሠራሁ፤ በግ የለኝም። አስካለ በምታልፍ በምታገድም ትስቅብኛለች። እኔም እስቃለሁ።

ሳቁ የቆመው እህቴ ከግሼ የመጣች ቀን ነው።

እህቴ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ እኔ እታለም እላታለሁ። ታላቄ ናት። የምትኖረው እዚያው ግሼ፣ ራቤል አጠገብ ነው። አንዱ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። በሌላው ላይ ሞራ እየጋረደበት ሄዶ፣ ቀንና ጥላን ብቻ የሚለይ ሆኗል። ራቤል ያለች ነርስ አይታት «ይህም ከዘገየ ላይመለስ ይችላል» ብላታለች። እኛ ከተማ የዓይን ሐኪሞች ቡድን እየመጣ የዓይን ሞራ ይገፍፋል፤ ተመዝጋቢ በተራው ይጠራል። ለእታለም ባለፈው ዙር በሰው በኩል አስመዝግበንላት ነበር፤ ሳትጠራ ቀረች። ስለዚህ አሁን ራሷ መጣች። እጇን ይዤ ወደ መመዝገቢያው አዳራሽ ሄድን።

የምዝገባውን ገጽ የሠራው ከደብረ ብርሃን የመጣ ዮናስ የሚባል ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ገና ስንገባ ተነሥቶ ወንበሩን ለእታለም ሰጣት። ስሟን አስገባ። ስክሪኑን አየና ፊቱ ፈካ።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ታክመዋል።»

«ማነው የታከመው?»

«እርስዎ ነዎት። ጥሩወርቅ በላቸው። ሁለቱም ዓይን፣ ባለፈው ዙር። በደንብ ተሳክቷል ይላል።»

እታለም ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «እሰይ። ታዲያ የሚያናግረኝ ሰው ለምን አይታየኝም?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ስማ ልጄ» አልኩት፤ «ይህችን ሴት በእጄ እየመራሁ ነው ያመጣኋት። ደረጃው ጋ ሁለቴ ተሰናክላለች። ያ ሳጥን ታያለች ካለ፣ ይምጣና ይምራት።»

«ጋሼ፣ ሲስተሙ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ስም፣ የአባት ስምና የልደት ቀን ከገጠመ አንድ ሰው ነው ይላል። እየተሻሙ ሁለት ሦስት ቦታ የሚመዘገቡ ስላሉ ነው።»

«አሳየኝ።»

ስክሪኑን አዞረልኝ፤ እታለም እንድትሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የታከመችው ጥሩወርቅ በላቸው የዘመሮ ሰው ናት። የተወለደችው መስከረም 1። የእኔም እህት መስከረም 1፣ በዚያው ዓመት። ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ከሥሯ ያለው ሽማግሌ መስከረም 1። ከሱ ሥር ያለችው መስከረም 1፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው። የመንዝና የግሼ አሮጊትና ሽማግሌ ሁሉ በአንድ ጠዋት ተወልዶ ነበር! ያን ቀን አገሩ ምን ያህል እንደ ጮኸ አስቡት። አዋላጆቹስ ከየት ተገኙ?

ነገሩ ቀላል ነው። ዮናስ የገጠመው ዝግጁውን የቀን መምረጫ ነው፤ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሽከረከር። ሲከፈት መስከረም 1 ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ መዝጋቢው «መቼ ተወለዱ?» ሲል የእኛ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? «በዘመነ ሉቃስ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ገብሱ ሲታጨድ» ይላል። እውነቱን ነው የተናገረው። ዓመቱን በወንጌላዊው፣ ቀኑን በታቦቱ ነው የሚያውቀው። ያ መምረጫ ግን ሉቃስንም ሚካኤልንም አያውቅም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ መዝጋቢው ሳይነካው «ቀጥል» የሚለውን ይጫናል። ሳይታወቅ አንድ አገር ሰው በአንድ ቀን ይወለዳል።

ዮናስ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእማማ መላ አለኝ። ልደታቸውን መስከረም 2 ብዬ ልጻፈው። አሁኑኑ ያልፋል።»

እውነቱን ልናገር፤ እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የቀደመችኝ እታለም ናት።

«መስከረም ሁለት ማነው የተወለደው?»

«ማንም አይደለም እማማ፤ እንዲያው ለማሳለፍ ነው።»

«እኔ የሚካኤል ለት ነው የተወለድኩት። እናቴ አጨዳ ላይ ነበረች። ስሜን ለዘመሮዋ ሰጣችሁ፣ ዓይኔን ሰጣችሁ፤ አሁን ደግሞ ሚካኤልን ልቀቂ ትለኛለህ? አለቅም። ደግሞ ነገ ሌላ ጥሩወርቅ ብትመጣ እሷንም መስከረም ሦስት ልትላት ነው?»

«እታለም፣ ዓይንሽ ነው…» አልኳት።

«ዓይኔ የኔ ነው። ቀኔም የኔ ነው። ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «አበጀሽ!» አለች። እኔም የሒሳብ መምህሩ፣ ያለ ሒሳብ ደፈርኩ።

«ዮናስ፣ መምረጫውን እኔ እሠራዋለሁ። የእኛ ሰው እንደሚናገረው የሚቀበል።»

«እርስዎ?» ከላይ እስከ ታች አየኝ። ካፖርቴን፣ ከዘራዬን፣ በገመድ ያሰርኩትን መነጽር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጃቫስክሪፕት ነው።»

«አውቃለሁ። በግ ቆጥሬበታለሁ።»

ልጁ ምን እንደማለቴ ሳይገባው ሳቀ። ገጹ ውስጥ እንደማያስገባው፣ የበላዮቹ ዝግጁውን እንጂ የመንደር ሥራ እንደማይፈልጉ ነገረኝ። ምዝገባው የሚዘጋው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ስም አይገባም።

ቤት ገባንና ሥራ ጀመርኩ። እታለም ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የበግ ጠጉር በእንዝርት ትፈትላለች፤ ለዚያ ዓይን አያስፈልጋትም። እኔ ላፕቶፑ ላይ እጐበጣለሁ።

ሐሳቤ ይህ ነበር። መጀመሪያ አራት ትልልቅ ቁልፎች፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ቀጥሎ ወሩና በዓሉ፤ ሚካኤል ከተነካ አሥራ ሁለት፣ ጊዮርጊስ ከተነካ ሃያ ሦስት መሆኑን ኮዱ ራሱ ያውቃል። ችግሩ ወንጌላዊው በየአራት ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሉቃስ ያለ ሰው የትኛው ሉቃስ እንደሆነ መለየት አለበት። ለዚያ ሦስተኛ ጥያቄ አስገባሁ፤ «ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲገባ ምን ነበሩ?» የሚታዘሉ፣ እረኛ፣ ያገቡ፣ የወለዱ እያለ ይሄዳል። ያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር የማያስታውስ ሽማግሌ እኛ አገር የለም። ከመልሱ ዕድሜው ይገመታል፤ ከዕድሜው ዓመተ ምሕረቱ ይወጣል።

በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ስጀምረው ግን ዮሐንስ ሲነካ የቀሩት ሦስቱ ከስክሪኑ ይጠፋሉ።

«ምነው፣ ዮሐንስን ፈርተው ነው?» አለች አስካለ ከኋላዬ ቆማ።

ኮዱ ውስጥ አንድ ነጠላ ምልክት ዘልዬ ኖሯል። ሳስተምር ለአንድ ነጥብ ተማሪ የቀጣሁትን ሁሉ እግዜር አንድ በአንድ መለሰልኝ።

እታለም እንዝርቷን እያሾረች ጠየቀችኝ። «የሚካኤል ማግስት የተወለደ ሰው ሲመጣስ?»

አላሰብኩትም ነበር። ዋዜማ፣ ዕለቱ፣ ማግስት የሚሉ ሦስት ቁልፎች ጨመርኩ።

«ጣታቸው የደረቀስ? የኔ ጣት የአስካለን ስልክ ቢነካው አይሰማውም።»

እሱንም አላሰብኩትም። ቁልፎቹን የመዳፍ ያህል አሰፋኋቸው፤ ስልኩ ባይሰማ የላፕቶፑ ቁልፍ እንዲሠራም አደረግሁ። የማታይ ሴት ናት የሚያየውን ሰው ስትመራ የሰነበተችው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ከዘመሮ፣ ከራቤል፣ ከየገጠሩ ሰው ጎርፏል። ጋቢና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የለበሰ ሽማግሌ፣ በልጅ ልጁ ትከሻ የተደገፈ፣ ዓይኑን በነጠላ የሸፈነ። አዳራሹ ሞልቶ ሰልፉ በግንቡ ዙሪያ ተጠምጥሟል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከውስጥ የዮናስ ድምፅ ተሰማ።

«ኔትወርክ ጠፋ! ታገሡን!»

የሱ ገጽ ለእያንዳንዷ ነገር ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ ኔትወርክ ከሌለ ያ መምረጫው እንኳ ብቅ አይልም። የኔ ደግሞ ጠዋት ቤት ተከፍቶ መጥቷል፤ የሚያስበው እዚሁ ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ነው። ከግንቡ ሥር ፀሐይ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ጎተትኩና ላፕቶፑን ዘረጋሁ።

«የተወለዳችሁበትን ቀን የምታውቁ ኑ!» ብዬ ጮኽኩ። «መስከረም አንድ የተወለደ አይምጣብኝ!»

መጀመሪያ የመጡት አንድ ረጅም አዛውንት ነበሩ።

«እኔ አውቃለሁ ግን እነሱ አይሰሙኝም» አሉ። «ዘመነ ዮሐንስ፣ የሰኔ ሚካኤል ማግስት።»

«ንጉሡ ሲወርዱስ?»

«እረኛ ነበርኩ። ወሬውን የሰማሁት በግ እየነዳሁ ነው።»

የላፕቶፑን ቁልፎች በራሳቸው ጣት አስነካኋቸው። ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ ብቅ አለ። አነበብኩላቸው። ሰውዬው «አየህ፣ እኔም ልደት አለኝ» አሉ ለልጅ ልጃቸው።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ወደ እኔ ዞረ። አንዱ ጊዮርጊስ፣ አንዷ ኪዳነ ምሕረት፣ አንዱ የአቦ ዋዜማ። ሰው የተወለደበትን ቀን ሲጠየቅ እንዲህ ፊቱ እንደሚበራ አላውቅም ነበር። እያንዳንዱን በስም ከላፕቶፑ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ዮናስም ወጥቶ ከበላዬ ቆመ። እጁን ኪሱ ከቶ ያያል። ለካ እሱም እያሰበ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ያለ ኔትወርክ እንዴት ይሄዳል?»

«እዚህ ነው የሚያስበው» አልኩና የላፕቶፑን ጀርባ መታ መታ አደረግሁት። ደረቴ ተነፍቶ ካፖርቴ ጠበበኝ። በዚህ መሃል የእታለም ተራ ደረሰ። ሆን ብዬ ነው ዮናስ ፊት ያደረግሁት፤ ጉራዬን ልነዛ።

«ሉቃስ» አለች። «የኅዳር ሚካኤል፣ ዕለቱን። ንጉሡ ሲወርዱ አግብቼ ነበር፤ አልወለድኩም።»

እጇን ይዤ ቁልፎቹን አስነካኋት። ውጤቱ ወጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

እታለም በጣቷ ትቆጥራለች።

«አንተ መቼ ነው የተወለድከው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«እንግዲያው አንተ ታላቄ ነህ።»

«ማን፣ እኔ?»

«ያ ሳጥንህ ከአንተ በሁለት ዓመት አሳነሰኝ። እንግዲህ አዝዬ ያሳደግሁህ ሳልወለድ ነዋ! አፍንጫህን የጠረግሁልህ ከእናቴ ሆድ ሆኜ ነው!»

ያኔ ሰልፉ የሳቀው ሳቅ አዳራሹ ውስጥ ላሉትም ተሰምቷል። እኔ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አንድም የተሳሳተ መስመር የለም። ስህተቱ እኔ ነበርኩ። «አግብታ ያልወለደች» ለሚለው መልስ የሰጠሁት ዕድሜ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ነው። በኛ አገር ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳራለች ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።

«እታለም፣ ስንት ዓመትሽ ነው ያገባሽው?»

«ሃያ ሞልቶኝ ነበር። ሽማግሌ ሲላክ እምቢ፣ ሲላክ እምቢ እያልኩ። አባታችን ቆማ ቀረች ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። የመጣው ሁሉ አልወደድኩትማ! መርጬ ነው ያገባሁት። አሁን አንተ ያለ ፈቃዴ በልጅነቴ ዳርከኝ።»

ዮናስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እኔ ሁሉንም በአንድ ቀን ወለድኳቸው፤ እርስዎ ደግሞ ሴቶቹን ሁሉ በአንድ ዕድሜ ዳሯቸው።»

ልክ ነበር፤ የማሳብብበት ሰው የለኝም።

ነገር ግን ተሸንፌ ልነሣ አልፈለግሁም። ዮናስን «ቁጭ በል» አልኩት። ላፕቶፑ ፊት ጐን ለጐን ተቀመጥን። ነፋሱ ካፖርቴ ላይ የደረብኩትን ጋቢ ስክሪኑ ላይ ይጥለዋል፣ ባትሪው እየቀነሰ ነው፣ ሰልፉ ከላያችን ቆሞ ያሽሟጥጣል። የሚገምተውን ክፍል ቆርጬ ጣልኩት። አዲሱ ኮድ አይገምትም። ሉቃስ ያለ ሰው ሊሆኑ የሚችሉትን የሉቃስ ዓመታት ሁሉ ደርድሮ ያሳየዋል፤ ከዚያ «ማንን አዝለዋል? እርስዎንስ ማን አዘለዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ታናሹን ወይም ታላቁን የሚያውቅ ሰው የቱ ዓመት ላይ እንደሚወድቅ ራሱ ይመርጣል። ዮናስ ጣቱ ፈጣን ነው፤ እኔ ስናገር እሱ ይጽፋል። አንድ ቦታ ላይ እኔ ልጽፍ ስል «ተዉት ጋሼ፣ እስከዚያ ጾሙ ይገባል» አለኝ።

ሲያልቅ ከሁሉም የከበደኝ ነገር መጣ። ተነሥቼ ወደ ሰልፉ ዞርኩ።

«ቅድም አግብተናል ያላችሁኝ ሴቶች በሙሉ ተመለሱ! ተሳስቻለሁ!»

«ልታፋታን ነው?» አለች አንዲት ወፍራም ሴትዮ።

«አዎ፤ ሁላችሁንም።»

እየሳቁ፣ እየረገሙኝም ተመለሱ። ሁለቱ ብቻ ልክ ሆነው ተገኙ። የቀሩትን ሁሉ አላግባብ ድሬ ኖሯል። እታለም አዲሱን ስትነካ «ተሰማን አዝዬዋለሁ፤ ውሃ እቀዳ ነበር ሲወለድ» አለች። ዓመቱ ወጣ። ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። «አሁን ሰው ሆንክ» አለች፤ እኔን ይሁን ላፕቶፑን አላውቅም።

ኔትወርኩ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ዮናስ አለቆቹን አልጠየቀም። «ሲጠይቁኝ እመልስላቸዋለሁ» አለና የተመዘገበውን ሁሉ አስገባ፤ የኔንም ኮንትሮል በመምረጫው ቦታ ገጠመው። ያን ጊዜ ነው ይህን ልጅ የወደድኩት።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ባለፈው ዙር የእታለም መዝገብ ከዘመሮዋ ጥሩወርቅ ጋር ተደርቦ ስለነበር፣ እንዲለያዩ የዘመሮዋም ልደት መስተካከል አለበት። በስልክ እናገኛታለን ስንል ሴትዮዋ እዚያው ሰልፍ ላይ ተገኘች፤ ዓይኗን ለማስመርመር መጥታ። እየሮጠ የሚያልፍ በግ ሳይቀር ታያለች። ወደ እታለም አመጣናት።

«ዓይኔን ይዘሽብኝ የሄድሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት እታለም።

«ወይ እናቴ! እኔ ምን አውቄ? ተጠራሁ ሄድኩ።» ሴትዮዋ የእታለምን እጅ ያዘች። «አትፍሪ፤ አያምም። ማሸጊያው ሲነሣልሽ መጀመሪያ የምታዪው ሰው እንዳያስደነግጥሽ ብቻ።»

«የሚያስደነግጠውን በድምፁ አውቀዋለሁ» አለችና ወደኔ ጠቆመች።

የዘመሮዋ የተወለደችው በዘመነ ማቴዎስ፣ የግንቦት ልደታ ዋዜማ ኖሯል። ያን አስገባን። ሁለቱ ጥሩወርቆች ተለያዩ። ከእታለም ስም ፊት የነበረው «ታክመዋል» ጠፍቶ «ተራ ይጠብቃሉ» የሚል መጣ። እኔ በሕይወቴ ተራ ጠብቁ ተብዬ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሞቹ ጾም ሳይገባ መጡ። እታለም ገባች፣ ተሠራላት፣ ዓይኗ ታሽጎ አደረች። በማግስቱ ማሸጊያው ሲነሣ አልጋዋ ግርጌ ቆሜ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ከዘራዬን በሁለት እጄ ይዤ እሷን ሳይሆን ወለሉን አያለሁ።

እታለም ዓይኗን ጨፍና ገለጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ተሰማ ነህ?»

«ነኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«ምን ሆንኩ?»

«አርጅተሃል እኮ!»

ማሸጊያውን ያነሣችው ነርስ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔም ስቄ ከዓይኔ የወረደውን በጋቢዬ ጠረግሁ። ዮናስ መዝገቡን ሊዘጋ መጥቶ ነበር። እታለም ልጁን ትክ ብላ አየችው፤ ያን ቀን ያልታያትን የልጁን ፊት።

«አሁን ጻፈው» አለችው። «ታክማለች በል። ባለፈው ዋሽተህ ነበር።»

ጻፈው።

ከዚያ ወዲህ ከበላይ የመጡ ሰዎች ገጹን አይተው ወንጌላዊውንና ታቦቱን አንሡ፣ እንደ ሌላው ቦታ ዝግጁውን መምረጫ መልሱ ማለታቸውን ዮናስ ነግሮኛል። ወንጌላዊ ለማይቆጥረው፣ ሌላ እምነት ላለው ጎረቤታችን በገጹ ላይ ሌላ በር ክፈቱለት ቢሉኝ እሺ እላለሁ፤ እሱንም እየሠራሁ ነው። ያን መስከረም አንድ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር መልሱ ካሉኝ ግን አልመልስም። ጡረታ የወጣ ሰው ከምን ያባርሩታል? ዮናስም አልመለሰውም። የኔው ኮንትሮል እስካሁን እንደተገጠመ ነው። ቢያነሡት ደግሞ ያችን አግዳሚ ወንበር አውቃታለሁ፤ ግንቡ ሥር አለች፣ ፀሐይም በነጻ ነው።

እኔ አሁንም ለየትኛውም ገጽ ስመዘገብ መስከረም 1 ላይ የቆመ መምረጫ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰነፍ የሠራው ነው እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ያለ ዕድሜያቸው የዳርኳቸው ሴቶች ትዝ ይሉኝና ድምፄን እቀንሳለሁ። ጥቂት ብቻ ነው የምቀንሰው።

ባለፈው ሰሞን እታለም ከራቤል ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ ብቻዋን፣ ያለ መሪ፣ ከሚኒባስ ወርዳ። እኔ ላፕቶፑን ከፍቼ ያንኑ ሌላ በር የሚሆን ኮድ ልጽፍ ቤቱን አምሳለሁ። አልጋ ሥር አየሁ፣ መስኮቱ ላይ አየሁ፣ አስካለን ወቀስኩ።

እታለም በሩ ላይ ቆማ ጥቂት ተመለከተችኝ።

«መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው» አለችኝ።